የመንገድ ሐቅና ካሜራ

በፎቶግራፍ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ሰው ጫማውን እያስጠረገ የነበረ መንገደኛ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1838 ከፎቅ መስኮት ሆኖ ቡልቫር ዱ ቶምፕል የተባለውን የፓሪስ ጎዳና ሲያነሣ፣ አንድ ምስል ለመቅረጽ ደቂቃዎች ይፈጅ ስለነበር ጋሪውም ፈረሱም እግረኛውም ሳይቀረጽ አለፈ፤ ያ ሁሉ ግርግር የነበረበት ጎዳና ባዶ መስሎ ወጣ። አንድ እግሩን ለሊስትሮው ሰጥቶ ቀጥ ብሎ የቆመው ሰው ግን ከነሊስትሮው ቀረ፤ በምስሉ ታችኛው ጥግ ላይ ትንሽ ጥቁር ቅርጽ ሆኖ ዛሬም ይታያል። ማን እንደሆነ አይታወቅም። ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም፤ መነሣቱን ያወቀም አይመስልም። ፎቶግራፍ ከሰው ጋር የተዋወቀው እንግዲህ ሳያስፈቅድ ነው። ከዚያ ወዲህ ካሜራው ከደቂቃ ወደ ሰከንድ ሽራፊ ወርዷል፤ ከባለ ሦስት እግር መቆሚያ ተነሥቶ ኪስ ገብቷል። ጥያቄው ግን አልተነቃነቀም፤ የማናውቀውን ሰው፣ በራሱ ጉዳይ ላይ እንዳለ፣ ሳናስፈቅደው ማንሣት ይገባል ወይ?

ጥያቄው ለኢትዮጵያዊ የሩቅ አይደለም። የሃንጋሪ መንግሥት በሚሰጠው ነጻ የትምህርት ዕድል ቡዳፔስት የገባ የሰንበቴ ልጅ እናስብ። ከተማው አዲስ ነው፤ ትራሙ፣ የዳኑብ ድልድዮች፣ በየካፌው ጋዜጣ ይዘው የሚቀመጡት አዛውንቶች ሁሉ ዐይን ይስባሉ፤ ስልኩ እጁ ላይ ነው፤ ትንሽ ሲቆይ ያገለገለ ካሜራ ይገዛል። ይህ ልጅ ያደገበት አገር ደግሞ ካሜራን ከሌላው ጫፍ ያውቀዋል። የሰንበቴ ገበያ እሑድ ይውላል፣ የባቲ ሰኞ፤ የቱሪስት መምሪያ መጻሕፍት ሁለቱን አጣምረው ስለሚጠቅሱ፣ በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ የሚያልፍ ጎብኚ ቀኑን አስልቶ እዚያ ይወርዳል። ከቆላ ግመልና ፍየል እየነዳ የመጣው አፋር፣ እህል ጭኖ ከደጋ የወረደው አማራ፣ የአካባቢው ኦሮሞና አርጎባ አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ጎብኚው ግን ማሾና ማሽላ ሊሸምት አልመጣም፤ ሌንሱን የሚያነጣጥረው ፊት ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ወጣት በሁለቱም ወገን ቆሟል፤ ሰንበቴ ላይ ተነሺ ነው፣ ቡዳፔስት ላይ አንሺ። እዚህ ላይ የምሟገተው ጎዳና ላይ ሳያስፈቅድ የሚያነሣ ሰው ሌባም ንጹሕም አይደለም፣ ባለ ዕዳ ነው በማለት ነው። የዕዳው ዓይነትና ልክ ከአውሮፓ የሕግ መጻሕፍት ይልቅ የሰንበቴ ሰው ከሚያውቀው የመንገድ ሥርዓት ጠርቶ ይታያል።

የአውሮፓ ክርክር በአመዛኙ የባለቤትነት ክርክር ነው፤ ፊት የማን ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1898 የጀርመኑ ቻንስለር ቢስማርክ በሞተ ሌሊት ሁለት ፎቶ አንሺዎች ተደብቀው መኝታ ቤቱ ገብተው አስከሬኑን አነሡ። ከዚያ የተነሣው ቁጣ በ1907 ለወጣው ሕግ ምክንያት ሆነ፤ ሕጉ የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ እንዳይሠራጭና ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል። ሃንጋሪ ከዚያም አልፋ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕጓ ማሳየቱ ብቻ ሳይሆን ማንሣቱም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚህ ነጻ የሆኑት የሕዝብ ስብስብና ሰው በአደባባይ ተግባር ላይ ሲቀርብ የሚነሣው ምስል ናቸው። አንድሬ ኬርቴስንና ሮበርት ካፓን የወለደች አገር እንዲህ ማጥበቋ ያስገርማል። እኛም ከክርክሩ ውጭ አይደለንም። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ባረቀቀው፣ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይደነግጋል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 28 ግን በሩን መልሶ ይከፍታል፤ ምስሉ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ሲጠቅም፣ ወይም በአደባባይ ከተፈጸመ ነገር ጋር ሲያያዝ ፈቃድ አያስፈልግም። እሑድ ሰንበቴ ላይ የሚሆነው ሁሉ በአደባባይ የሚሆን ነው፤ ባህል የማይባልም የለበትም። በአንቀጽ 27 የገባችው የገበያ ሴት በአንቀጽ 28 ትወጣለች።

የባለቤትነት ቋንቋ የሃይማኖት ሰው ሲገጥመው ደግሞ ይበልጥ ይጠበዋል። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ፊሊፕ ሎርካ ዲኮርሲያ እ.ኤ.አ. በ2000 ግድም ኒውዮርክ ታይምስ ስኩዌር ላይ መብራት ሰቅሎ፣ እሱ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ከመብራቱ ሥር የሚያልፉ ሰዎችን ሳያውቁ አነሣ። ምስሎቹ ጋለሪ ውስጥ ታዩ፤ በብዙ ሺህ ዶላርም ተሸጡ። ከተነሡት አንዱ አጥባቂ አይሁዳዊ አዛውንት ነበሩ፤ ምስላቸውን በኋላ ሲያገኙት፣ በሃይማኖታቸው ምስል መቅረጽ የተከለከለ መሆኑን ጠቅሰው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራው ኪነ ጥበብ ነው፣ ኪነ ጥበብም በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ንግግር ነው ብሎ ክሱን ዘጋ። በአገሩ ሕግ ፍርዱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ሆኖም ክርክሩ ሸቀጥ ነው ወይስ ጥበብ በሚል ሚዛን ስለተመዘነ፣ የሽማግሌው ዋና ቅሬታ ማረፊያ ሳያገኝ ቀረ። በእስልምናም ምስል ሠሪዎችን የሚያወግዙ ሐዲሶች አሉ፤ ፎቶግራፍ ሲመጣ ዑለማው ለሁለት ተከፈለ። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ፎቶግራፍ ጥላን መያዝ እንጂ ከአላህ ፍጥረት ጋር መፎካከር አይደለም ብለው ፈቀዱ፤ የሳዑዲው ሼኽ ኢብን ባዝ ከሚያጠብቁት ወገን ነበሩ። በመታወቂያና በፓስፖርት ዘመን አብዛኛው ምእመን ከመጀመሪያው አስተያየት ጋር ይኖራል። ያ ክርክር ግን የሚመረምረው ምስሉ ምን እንደሆነ ነው። እኛ የምንፈልገው ተመልካቹ ምን እንዳለበት ማወቅ ነው።

ለዚህኛው የሚመልሰው ሐዲስ ሌላ ነው፤ ቡኻሪም ሙስሊምም የዘገቡት። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦቻቸውን መንገድ ዳር ከመቀመጥ አስጠነቀቁ። እነሱም ተቀምጠን የምንጨዋወትበት ሌላ ቦታ የለንም አሉ። እንግዲያው ለመንገዱ ሐቁን ስጡት ተባሉ። ሐቁ ምን እንደሆነ ሲጠይቁ ተዘረዘረላቸው፤ ዐይንን መስበር፣ ሰውን ከመጉዳት መቆጠብ፣ ሰላምታን መመለስ፣ በመልካም ማዘዝና ከክፉ መከልከል። የዚህ ዘገባ አካሄድ ራሱ ትምህርት ነው። ክልከላው የሰው ኑሮ ሲገጥመው በክልከላነቱ አልጸናም፤ መንገድ ዳር መቀመጥ፣ አላፊ አግዳሚውን ማየት፣ ወሬ መስማት የሰው ወግ መሆኑ ታወቀ። ነገር ግን ወጉ በነጻ አልተሰጠም። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ዕዳው በማን ላይ እንደወደቀ ነው። በዛሬው የከተማ አስተሳሰብ አደባባይ የወጣ ሰው ራሱን ለዕይታ ሰጥቷል ይባላል፤ መታየት ካልፈለገ ቤቱ ይቀመጥ ነው ነገሩ። በሐዲሱ ግን አላፊው ምንም የለበትም። ባለ ዕዳው ተቀምጦ የሚያየው ነው። መንገዱ የተሠራው ለሚሄደው ነውና፣ ቆሞ የሚመለከት ሰው በሌላው መንገድ ላይ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ሥርዓት አለበት።

ይህ ከመጽሐፍ የተቀዳ ብቻ አይደለም፤ አገሩም የሚኖረው ነው። ወደ ሰንበቴ ገበያ የሚወጣው አፋር ዳጉ የሚባል ሥርዓት አለው፤ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰላሙ፣ ስለ ታመመውና ስለ ሞተው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ እዚያ ነውር ነው፤ ወሬ የነፈገ ሰው ይወቀሳል። ደገኛውም ቆለኛውም ሕፃን አይቶ ሲደነቅ ሙስሊሙ ማሻ አላህ፣ ክርስቲያኑ ይደግ ይባረክ ሳይል አያልፍም፤ ቃል ያልተከተለው ዐይን ያስፈራል። የዐይን ጉዳት አለ የለም የሚለውን ትተን ሥርዓቱን ብቻ ብናይ፣ ሁሉም ወደ አንድ ነገር ያመለክታል፤ ማየት ብቻውን አይቆምም፣ ቃል ይከተለዋል። ያየ ሰው በአንደበቱ ይገለጣል፣ ማንነቱን ያስታውቃል፣ ክፉ አሳቢ አለመሆኑን ያረጋግጣል። ሳያስፈቅድ የሚያነሣ ሰው የሚሰብረው ይህንን ነው። ጥፋቱ ማየቱ አይደለም፤ አይቶ፣ ወስዶ፣ ቃል ሳይሰጥ መሄዱ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይመጣል። ዐይን ያየውን ካሜራ ቢይዘው ምን ጎደለ? በገበያው መካከል ሺህ ሰው ያያትን ሴት አንድ ሌንስ ቢጨመርባት ምን ልዩነት አለው? ልዩነቱ በገበያ መታየት የሁለት ወገን መሆኑ ነው። ማሽላ ሻጯ ገዢው ሲያያት እሷም ታየዋለች፤ አፍጥጦ ከቆመ ምን ፈልገህ ነው ትለዋለች፤ ካላፈረ ጎረቤቷ ያሳፍርላታል። ምስሏን ነገ ቪየና ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚያየውን ሰው ግን አታየውም፤ ምን ብሎ እንዳሰበ አትሰማም፤ መልስም ልትሰጠው አትችልም። ምስሉ ሲዞር ደግሞ ሥሩ የሚጻፈውን የሚጽፈው ሌላ ነው። የሰንበቴ አገር ደግሞ በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዙሪያው ደም የፈሰሰበት አካባቢ ነው፤ እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ፊት ከማን ወገን እንደሆነ ተገምቶ በስልክ ሲዞር ምን እንደሚያስከትል ለአገሩ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2018 ከዚህ የሚቀራረብ ነገር አይቷል። በርሊን መንገድ ላይ ሳታውቅ የተነሣች ሴት ምስሏ በትልቅ ሰሌዳ ላይ ለብዙ አላፊ አግዳሚ በመታየቱ ከስሳ ነበር። ፍርድ ቤቱ የጎዳና ፎቶግራፍ ጥበብነቱን አምኖ፣ ምስሉ በዚያ መጠንና በዚያ ቦታ መታየቱ ግን መብቷን እንደሚነካ የወሰኑትን የታች ፍርድ ቤቶች ደገፈ። ማየት፣ ማንሣትና ማሳየት የተለያዩ ናቸው፤ ዕዳውም ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገርን ቁጥር ይከብዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የእውነት ነው። ከጠየቅከው ይደርቃል፣ ልብሱን ያስተካክላል፣ ፈገግ ይላል፤ የነበረው ሕይወት ይጠፋል ይባላል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ኬርቴስ እ.ኤ.አ. በ1920 ቡዳፔስት ውስጥ ያነሣውን የሰርከስ ምስል ማስታወስ ይበቃል፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከጣውላ አጥር ጋር ተጣብቀው በቀዳዳ ወደ ውስጥ ያያሉ። ቢጠየቁ ኖሮ ምስሉ አይኖርም። ነገር ግን ተቃውሞው ከሚችለው በላይ ይሸከማል። ሳያውቁ የተነሡ መምሰል የእውነት ዋስትና ቢሆን ኖሮ፣ ሮቤር ዱዋኖ እ.ኤ.አ. በ1950 ያነሣው የፓሪስ መሳሳም ለአርባ ዓመት ዓለምን ባላሳሳተ ነበር፤ ጥንዶቹ በፎቶ አንሺው ጥያቄ የተሳሳሙ ወጣት ተዋንያን መሆናቸው ኋላ በክርክር ወጣ። በሌላ በኩል በአዲስ አበባ ፎቶ ቤቶች መጋረጃ ፊት ቀጥ ብለው፣ ክራቫት አስረው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የተነሡ አባቶቻችን ውሸታም አይደሉም፤ ሊሆኑ የፈለጉትን ነግረውናል፣ እሱም እውነት ነው። ደግሞም የኬርቴስን ምስል ልብ ብሎ ላየ ሰው ሌላ ነገር ይገለጥለታል። የሁለቱም ጀርባ እንጂ ፊት አይታይም። ሳያስፈቅድ አነሣ፣ ፊታቸውን ግን አልወሰደም። ዐይኑን መስበር ያወቀ ካሜራ ይህን ይመስላል፤ የጥበቡ ሥራ በዚህ አልቀነሰም፣ እንዲያውም መቶ ዓመት የኖረበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባዱ ነው፤ የምስክርነት። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ፣ የተራቡት በሰንበቴና በከሚሴ በሚያልፈው በዚሁ የደሴ መንገድ ዳር ወድቀው ነበር፤ መንግሥት ነገሩን ይሸፋፍን ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወርደው ያመጡት ፎቶግራፍ በግቢው ሲታይ ተማሪውን አነሣሣ። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ዓለምን አስደነገጠ፤ ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እየተቀላቀለ ታየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ከዚያ በፊት በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ኢጣሊያኖች ራሳቸው ለማስታወሻ ያነሡት ምስል ዛሬ ማስረጃችን ነው። በ2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ 157 ሰዎች ያለቁበት የበረራ ቁጥር 302 አደጋ ስፍራ፣ ሙሉጌታ አየነ ሐዘንተኞችን ያነሣበት ሥራ በዓለም የፕሬስ ፎቶ ውድድር ተሸልሟል። ፈቃድ ይቅደም ብንል ይህ ሁሉ ባልኖረ ነበር ይላል ተቃዋሚው። ልክ ነው። የመንገድ ሐቅ ከፈቃድ ሕግ የሚሻለውም እዚህ ላይ ነው። አራተኛው ሐቅ ክፉን መከልከል ነውና፣ መመስከር ከዕዳው ያመለጠ ልዩ ሁኔታ አይደለም፣ ራሱ የዕዳው ክፍል ነው። የሚበድል ሰው ፈቃድ አይጠየቅም፤ የተበደለውን ያየ ሰውም ዝም የማለት መብት የለውም።

ይህ ማለት ግን የመሰከረ ሁሉ ጸድቷል ማለት አይደለም። የየካቲት 12 ምስሎች ጠቀሜታ ያነሧቸውን ገዳዮች ንጹሕ አላደረገም፤ ምስሉ ኋላ ያፈራው ፍሬ የአንሺውን ሒሳብ አይዘጋም። በወሎ ረሃብ የተነሡት ሰዎችም ቢሆኑ ፊታቸው ዓለምን ሲዞር አብዛኞቹ ስማቸው አልተከተላቸውም። ለብዙ ዓመታት የወሎ ሰው በዓለም ፊት ስም የሌለው ራብተኛ ሆኖ ቆየ፤ ከፎቶው በፊት ገበሬ፣ ነጋዴ፣ መንዙማ አውጪ፣ ዳኛ እንደነበረ ማን ነገረ? ምስክርነቱ ተከፈለ፣ ሰላምታው ግን ሳይመለስ ቀረ። እዚህ ላይ ፈቃድ ብቻውን ምን ያህል ደካማ መለኪያ እንደሆነም ይታያል። የራበው ሰው እህል ከያዘው እጅ ፊት እምቢ ማለት ይችላል? ሰንበቴ ላይ ጥቂት ብር ተሰጥቷት እሺ ያለች ሴትስ ምን ላይ ነው የፈቀደችው? ጎብኚው ብሩን ሰጥቶ፣ ሃያ ጊዜ ተኩሶ፣ ስሟን ሳይጠይቅ መኪናው ውስጥ ቢገባ ፈቃድ አግኝቷል፤ ዕዳውን ግን አልከፈለም። በተቃራኒው ሳይጠይቅ አንሥቶ፣ ወዲያው ቀርቦ ሰላም ብሎ፣ ምስሉን አሳይቶ፣ ይጥፋ ስትለው የሚያጠፋ ሰው ፈቃድ ሳይቀድም ሐቁን ሰጥቷል። ስለዚህ ፈቃድ ቢገኝ መልካም ነው፤ ነገር ግን ያለሱም ሐቅ ሊከፈል ይችላል፣ እሱ ኖሮም ሐቅ ሊቀር ይችላል።

አራተኛው ተቃውሞ ከራሳችን ወገን የሚመጣ ነው። ለመቶ ሃምሳ ዓመት ካሜራው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲያይ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1868 የመቅደላው ዘመቻ ጦር ካሜራ ይዞ ነው የመጣው፤ አባቱን ያጣው የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ እንደደረሰ በስመ ጥሯ ፎቶ አንሺ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት ቀርቧል፤ ምን እንደፈለገ የጠየቀው መኖሩ ያጠራጥራል። የፋሽስት ወታደር የሴቶቻችንን ምስል በፖስታ ካርድ ልኳል። ታዲያ ዛሬ ኢትዮጵያዊው ተማሪ አውሮፓዊውን ሳያስፈቅድ ቢያነሣ ምን ይደንቃል፣ ተራው አይደለም ወይ? የታሪክ ቁጣው ተገቢ ነው፤ ድምዳሜው ግን አይከተልም። ትራም ላይ ያንቀላፋችው አሮጊት የመቅደላው ጦር አይደለችም፤ የሌላ ሰው ዕዳ ከእሷ አይሰበሰብም። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ በአውሮፓም ጎዳና ቢሆን ሳይታወቅ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ባለሥልጣኑ አይደለም። ድልድይ ሥር የሚተኛው ቤት አልባ፣ የሰከረው፣ አእምሮው የታወከው፣ ሻሽ ያሰረችው ስደተኛ ነው የሚነሣው፤ ሮጦ የማይደርስብን፣ ጠበቃ የማይቀጥርብን። ፍትሕን በመመለስ ስም የጀመረ ካሜራ እንደገና ደካማውን ከመረጠ፣ የተቀየረው የአንሺው ቆዳ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ይህ ሁሉ የአንድ ሃይማኖት ሥርዓት ነው፣ እምነት የሌለውን የቡዳፔስት ወጣት ምን ያስገድደዋል የሚል ነው። ሌላም ሊጨመርበት ይችላል፤ ዐይንን መስበር በዋናነት የሚነገረው ስለ ወንድና ሴት አተያይ ነው፣ ወደ ካሜራ መዘርጋቱ ማጠፍ ነው ሊባል ይችላል። ሁለተኛው እውነት አለበት፤ እኔም የእስልምና ሕግ (ፊቅህ) ብይን እየሰጠሁ አይደለም፣ ከሥርዓቱ አሳቡን እየወሰድኩ ነው። ለመጀመሪያው ግን መልሱ፣ አሳቡ የሚቆመው በምንጩ ብቻ አለመሆኑ ነው። በፈረንሳይ የኖረው አይሁዳዊ ፈላስፋ ኢማኑኤል ሌቪናስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ትልቅ ሥራው፣ የሌላው ሰው ፊት እንደ ዕቃ የምንመለከተው ነገር እንዳልሆነ፣ ከማየታችን ጋር አብሮ የሚናገረንና የሚጠይቀን እንደሆነ ሞግቷል። ከሌላ መንገድ ተነሥቶ ወደ አንድ ቦታ ደርሷል። ለአፋሩም ዳጉ የመጽሐፍ ትእዛዝ ሳይሆን የበረሃ ኑሮ የወለደው ነው። እርስ በርስ ያልተማከሩ ሦስት ወገኖች ማየት መልስ ያስከፍላል በሚለው ከተስማሙ፣ የሚያስገድደን የአንዱ ሥልጣን አይደለም፤ ስለ ሰው የተባለው ነገር እውነት መሆኑ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ለተማሪው ግልጽ ነው። የሃንጋሪን ሕግ ማክበር መነሻው እንጂ መድረሻው አይደለም። ዐይንን መስበር ማለት የሚያሳፍር ሁኔታ ላይ ያለን ሰው፣ የወደቀውን፣ የምታለቅሰውን፣ ምስሉ ቢያምርም መተው ማለት ነው። ከመጉዳት መቆጠብ ማለት ማንሣትና መለጠፍን መለየት፣ የልጆችን ፊትና የሰውን ሰፈር አለመግለጥ፣ ሲያስፈልግም መቆየት ነው፤ አሜሪካዊው ዎከር ኤቫንስ በኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ካሜራውን ካፖርቱ ሥር ደብቆ እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1941 ያነሣቸውን ሰዎች በመጽሐፍ ያወጣው በ1966 ነው፤ ድብቅነቱ ባይጸድቅም መቆየቱ ያስመሰግነዋል። ሰላምታ መመለስ ማለት ዐይን ለዐይን ሲጋጠሙ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ አለመሸሽ ነው፤ ዮ ናፖት ብሎ መቅረብ፣ ማን እንደሆኑና ለምን እንዳነሡ መናገር። ይህን ለማድረግ የሚያበቃ ሃንጋሪኛ ያልያዘ ሰው ገና የሰውን ፊት የሚያነሣበት ጊዜ አልደረሰም፤ ድልድዩንና ሕንፃውን ያንሣ። መመስከር ደግሞ ፖሊስ መንገደኛ ሲደበድብ ካየ፣ ያን ጊዜ ማንንም አለመጠየቅ ነው።

ይህ ለጥበብ የሚከብድ ሸክም ነው የሚል ይኖራል፤ አዎን፣ ጥቂት ምስሎች ይቀራሉ። ሌላ ሰው የሚከፍልበት ጥበብ ግን ርካሽ የሚመስለው ከፋዩ ሩቅ ስለሆነ ብቻ ነው፤ የሰንበቴ ልጅ ደግሞ ያን ከፋይ በቅርብ ያውቀዋል። ሥርዓቱ ከሰጠው ጥቅም ትልቁም እዚህ ነው። እሑድ ገበያው ላይ ሌንስ የሚያነጣጥርን እንግዳ ስሜ ማን ነው፣ ምስሉን የት ታደርሰዋለህ ብሎ መጠየቅ የሚችለው፣ ቡዳፔስት ላይ ይኸው ጥያቄ ሲመጣበት የመለሰ ሰው ነው። ያልመለሰ ሰው ሰንበቴ ላይ የሚያነሣው ቅሬታ ብቻ ይሆናል፤ የመለሰ ግን ሐቅ ይጠይቃል።